ሳይደርቅ የተተከለው ቅርንጫፍ

አትክልተኛው በመስታወት ቤቱ ውስጥ፣ ከከሰል ማሞቂያው አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ቅጠላቸው ሲታሽ የሚያውደው ፔላርጎኒየም አበቦቹ ብርድ አይችሉምና አመሻሽ ላይ ከሰል ያቀጣጥልላቸው ነበር። እንዳይታፈንም የጣሪያውን መስኮት አንድ ቀን ዘግቶት አያውቅም። ዛሬ ግን መስኮቱ ተዘግቷል።

መርማሪዋ አንጀቷ አርሯል። አለቃዋ ሦስት ጊዜ ደውሏል።

«ሚስቱ ናት አልኩሽ! እስከ ስድስት ሰዓት ይዘሻት ነይ።»

ሚስትየዋ እንባዋን ጠረገች። «አዎ፣ ሞትህን ከአበቦችህ ጋር ያድርገው ብዬዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ መች ዞር ብሎ አየኝ? ወንድሙ ሲመጣ እንኳ ወሬያቸው ይኸው ነው። የኔው ‹የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጋዜጣ ላይ አድሮ ካልደረቀ አይተከልም› ይላል፤ ያኛው ‹እንደተቆረጠ ነው የሚተከለው› ይላል። እኔ ሽታው ስለሚያፍነኝ እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

ማሞቂያ ጠጋኙ ትከሻውን ሰበቀ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ጠግኜ ስወጣ አሸልቦ ነበር። መስኮቱም ክፍት ነበር።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ እሱም አትክልተኛ፣ «እዚህ ከመጣሁ ወር አልፎኛል። በርዶት ራሱ ዘግቶት ይሆናል» አለ።

መርማሪዋ ደብተሯን ወርውራ ልትሄድ ምንም አልቀራት። ንዴቷ እስኪበርድ ብላ መስኮቱ ሥር ያሉትን የአበባ ማሰሮዎች ማየት ጀመረች። ድንገት ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«መስኮቱን የዘጋው ሰው ሲንጠራራ ይህን ተክል ሰበረው» አለች። «ስባሪውን ግን አልጣለውም። የታች ቅጠሎቹን ለቅሞ አሸዋ ውስጥ ተከለው። ጠጋኙ ቢሆን ረግጦት ያልፍ ነበር። እመቤት፣ እርስዎ ቢሆኑ እሰየው ይሉ ነበር። ሟቹ ቢሆን ጋዜጣው ላይ ያሳድረው ነበር።» ቅርንጫፉን ከአሸዋው መዘዘችው። «ጫፉ አሁንም እርጥብ ነው። እንደተሰበረ ወዲያው የሚተክል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።»

ወንድምየው ቅርንጫፉን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«እኔ ያዳቀልኩት ዝርያ ነው» አለ። «ሰባት ዓመት ለፋሁበት፤ እሱ አውደ ርዕይ ላይ በራሱ ስም አቀረበው። ተሰብሮ ሳየው መተው አላስቻለኝም።»

«ወንድምህን መተው ግን አስቻለህ!» አለች ሚስትየዋ።

የመርማሪዋ ስልክ እንደገና ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። መርማሪዋ አላነሳችውም።

«እባካችሁ አሸዋው ውስጥ መልሱት» አለ ወንድምየው እየተወሰደ። «ይደርቃል።»

«ይድረቅ!» አለች ሚስትየዋ። «ቤቱ የባሌ ነው። እዚህ ሳይደርቅ አይተከልም።»