ሚጣ ያረመችው ወረቀት

«ዬባር» የሚለው የስፓኒሽ ግስ ላይ ስትደርስ የሚጣ ጣት ቀጥ አለ። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ትልቁን መዝገበ ቃላት ያወጣችው ለቅዳሜው ውድድር ልትዘጋጅ ነበር። ውድድሩ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነው። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ይቀርባል፤ ከነሚጣ ትምህርት ቤት የምትሄደው እሷ ናት። አሁን ግን ይሄ አንድ ፍሬ ግስ ግማሽ ገጽ ይዞ ተንሰራፍቷል። መልበስም ነው፣ መውሰድም ነው፣ አንድ ቦታ ጊዜ ማሳለፍም ነው። ደግሞ መያዝም ነው።

መያዝም! የሰኞው ፈተና ትዝ አላት።

ሰኞ ዕለት የማጣሪያውን ፈተና ቲቸር ወረቀት አቀያይረው እርስ በርስ ሲያሳርሟቸው፣ ለሚጣ የደረሳት የቀጮ ወረቀት ነበር። ቀጮ ከትንሽነታቸው ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ፣ ነፋስ ከመጣ ይዟት ይሄዳል እየተባለች የሚቀለድባት ጓደኛዋ ናት። ስለ አንድ ሰውዬና ስለ ኮቱ የሚያወራ፣ ይሄው «ዬባር» ያለበት ዓረፍተ ነገር ነበር። ቲቸር በእንግሊዝኛ «ለብሷል» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ቀጮ ደግሞ «ይዟል» ብላለች።

«የተለየ መልስ አግኝታችሁ ከተጠራጠራችሁ ጥሩኝ» ብለው ነበር ቲቸር።

ሚጣ ተጠራጥራለች። አንድ ፊልም ላይ እንደዚያ ሲባል የሰማች መስሏት ነበር። ግን ሁለቱ በነጥብ እየተናነቁ ነበር፤ ያቺ ጥያቄ ካለፈች የምትሄደው ቀጮ ናት። ስለዚህ ድምጿን አጥፍታ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው።

ሲወጡ አንድ ልጅ ቀጮን «ለቲቸር አሳይያቸው እንጂ» ብሏት ነበር። እሷም ሳቀችበት። «አታካብድ ባክህ! ሚጣ ካረመችው አለቀ ደቀቀ።»

ይቺ ንግግር ናት ከሰኞ ጀምሮ ሚጣን እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ስትቆረቁራት የከረመችው።

«የኔ እናት፣ ልዘጋ ነው» አሉ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ። «ወይስ እዚሁ አልጋ ላንጥፍልሽ?»

መጽሐፉን መክደን ቀላል ነበር። ያየ የለም፣ የጠየቀ የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውም ለሌላ ሰው ሲነገር ነው ደስ የሚለው።

«ይሄን ገጽ ፎቶ ባነሳው ችግር አለው?»

«አንሺና ውጪልኝ።»

ቀጮ ደጁ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እየጠበቀቻት ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ አዘጋጅታላታለች። «ነይ እስቲ ላፋጥጥሽ! ቅዳሜ ሄደሽ እንዳታዋርጂን።»

ሚጣ አጠገቧ ተቀመጠችና ስልኳን ዘረጋችላት። ቀጮ አነበበች፤ ስልኩን ጠጋ አድርጋ ደግማ አነበበች።

«ውይ! ልክ ነበርኩ እኮ!» ብላ ፊቷ በራ። «በቃ፣ አላወቅሽም፤ ምን ታደርጊ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች ሚጣ። «ያኔውኑ።»

«ታዲያ ቲቸርን ለምን አልጠራሻቸውም?»

«እኔ መሄድ ስለፈለግኩ ነዋ።»

የቀጮ ፊት ተለዋወጠ። ያዘጋጀችውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሥታ ሄደች። ሚጣ እንባዋ መጣ፤ ግን ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት።

ቀጮ የግቢው መሐል ደርሳ ቆመች።

«ተናድጄብሻለሁ» አለች ዞር ብላ። «በጣም! ነገም የማናግርሽ እንዳይመስልሽ።»

«እሺ።»

«እሺ ብለሽ ትቀመጫለሽ እንዴ? ቲቸር ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው።»

ሚጣ ብድግ ብላ ተከተለቻት። የመምህራን ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ቀጮ ልታንኳኳ እጇን ዘረጋች።

«ተይ፣ እኔ ልናገር» አለች ሚጣ፣ ቀድማትም አንኳኳች።