ገመዱ የሚሰቀልበት ሚስማር

ሪና የቀኝ ጫማዋን አጥልቃ የግራውን ስትፈልግ ሞተሩ ተነሳ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጎትቶ። ድምፁ የመጣው ከመንገዱ ማዶ ሳይሆን ከጎናቸው፣ ከሽማግሌው ከኦይቫ ደጅ ነው። አንድ እግሯ በካልሲ እንደሆነ ወደ መስኮቱ ሄደች። የመንገዱ ማዶ ጎረቤታቸው ልጅ ዌስሊ ነው። ቀዩን የበረዶ መጥረጊያ ማሽን እየገፋ፣ ሌሊት የወረደውን በረዶ ወደ ጎን ሽቅብ እየበተነ፣ የእሷን ደጅ እየጠረገ ነው።

በእርግጥ የእሷ ደጅ አይደለም። የኦይቫ ነው። ግን ሚስታቸው ኤልማ ከተማ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ከገቡ ጀምሮ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት በፊት የጠረገችው ሪና ናት። ማሽን የላትም። ያላት መግፊያ ነው፤ በዚያ ሐይቅ ዳር የትኛውም ቤት የማያጣው፣ በሁለት እጅ ይዘው የሚገፉት ሰፊ የቆርቆሮ ጎድጓዳ።

ጥረጊ ያላት ሰው አልነበረም። በዚያ ሰፈር የጎረቤትን ደጅ ጥረግልኝ ተብሎ አይጠየቅም፤ የተጠረገለትም ሰው አመሰግናለሁ አይልም፤ ቢል ሁለቱም ያፍራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦይቫ በመስኮታቸው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ኒሱው ከምድጃ ወጥቷል ማለት ነው። ኒሱ ሄል የገባበት፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ድሮ የሚጋግሩት ኤልማ ነበሩ፤ አሁን ኦይቫ ራሳቸው ተምረውታል። ስኳር የሚጠራቀምበት ጫፉ የሪና ነው። ግማሹን ደግሞ እሁድ እሁድ ለኤልማ ይወስዱላቸዋል። ኤልማ የሰው ስም ከጠፋባቸው ቆይቷል። ሄሉ ሲሸታቸው ግን ቀና ብለው «ኦይቫ፣ ዘገየህ» ይላሉ።

አባቷ አርኒ ከሌሊት ሥራ ገብቶ እንቁላሉን እየበላ ነበር። የመንገድ በረዶ የሚጠርገውን ትልቁን መኪና የሚነዳው እሱ ነው፤ ሰው ቁርስ ሲበላ እሱ እራቱን ይበላል። በመስኮቱ አሻግሮ አየና፣ «ተገላገልሽ» አላት።

ሪና የግራ ጫማዋን አገኘችው፤ መልሳም ጣለችው።

አውቶቡስ ውስጥ ዌስሊ አጠገቧ ተቀመጠ። ቤተሰቡ በበጋው ነው ከደቡብ የመጣው። ከትልቁ ድልድይ ወዲያ የመጣ ሁሉ በዚያ አገር «የድልድይ ሥር» ይባላል፤ በተረት ድልድይ ሥር እንደሚኖረው ጭራቅ ማለት ነው፤ ቀልድ ነው፣ ቢያንስ ግማሹ።

«አየሽኝ? ሻይ እስኪፈላ እንኳን አልፈጀብኝም» አላት።

«አየሁህ።»

«በረዶውን የሚዝቀው መቅዘፊያ ጎማ እኮ ነው፤ መሬቱን ይልሰዋል። አንቺ ያን ቆርቆሮ ስትገፊ ሳይ ታሳዝኚኛለሽ። ከእንግዲህ ተኚ አቦ።»

«ማን እዘንልኝ አለህ፣ የድልድይ ሥር?»

ሳቀ። መሳቁ የባሰ አናደዳት። «ሙድ ያዥ፣ ችግር የለም። ሽማግሌው ግን ቅዳሜ ና ብለውኛል። ኒሱ የሚባል ነገር አለ አሉ።»

ሪና የቀረውን መንገድ የመስኮቱን ውርጭ በጥፍሯ ስትፈቀፍቅ ጨረሰችው። ማሽኑ እኮ ትንሽ ነው። ብረት ጥርስ ያላቸው፣ በረዶውን መጀመሪያ ሰብረው ቀጥለው የሚወረውሩ ትልልቆች አሉ፤ ይሄ በአንድ ምት ዝቆ የሚተፋ ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጫወቻ ይሉታል። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። ልቧ ግን ሌላ ያውቃል። በመከር ወቅት ከአባቷ ጋር ሚስማር ሊገዙ መደብር ገብተው፣ ልክ እንደዚህ ያለ ቀይ ማሽን በር ላይ ቆሞ አይታ ነበር። የማስነሻውን እጀታ በጣቷ ነካ አድርጋዋለች። አባቷ «ክንድ እያለሽ» ብሏት አለፈ።

በሰንበት ትምህርት ቤት የባልንጀራህን አትመኝ የሚለውን በቃሏ ተምራለች። በሬና አህያ እንጂ ማሽን አልተጻፈም ብላ ራሷን ልታስቅ ሞከረች። ከዚያ መጨረሻው ላይ «ማናቸውንም» የሚል ቃል እንዳለ ትዝ አላት፤ ሳቁም ቀረ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የሄሉ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ሪና መስኮቷ ጋ ነበረች። ዌስሊ ጫማውን እያራገፈ ኦይቫ ቤት ሲገባ አየችው። ትንሽ ቆይቶ ኦይቫ በመስኮት ብቅ ብለው ወደ እሷ ቤት እጃቸውን አውለበለቡ። ፈጥና ከመጋረጃው ጀርባ ሆነች። ከተረፈው ሊያቀምሱኝ ነው፣ አለች በልቧ። ሲያውለበልቡ ቆዩና ተመለሱ።

አመሻሽ ላይ ቅዝቃዜው አጥንት የሚሰብር ሆነ፤ ከሐይቁ በኩልም በረዶው መውረድ ጀመረ። ኦይቫ ብርቱካናማውን የኤሌክትሪክ ገመድ ይዘው ወጡ። አንዱን ጫፍ ከበረንዳው ሶኬት፣ ሌላውን ከአሮጌው ፒክአፓቸው የሞተር ማሞቂያ ጋር አያያዙት፤ በእንዲህ ዓይነት ሌሊት ሳይሞቅ ያደረ ሞተር ጠዋት አይነሳም። ገመዱ መግቢያውን አቋርጦ መሬት ላይ ተጋደመ። ኦይቫም ፎጣቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ከጓሮ ወዳለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ወደ ሳውናቸው፣ ሄዱ፤ ቅዳሜ ማታ ነውና።

በረዶው ገመዱን ቶሎ ሸፈነው። ሪና እዚያ መኖሩን ታውቃለች። ሁልጊዜም ከመጥረጓ በፊት መጀመሪያ የምታደርገው ገመዱን ከበረዶው ውስጥ ፈልጎ አውጥቶ ከበረንዳው ጣሪያ ሥር ካለው ሚስማር ላይ መስቀል ነው። ሚስማሩን የመታችው እሷ ናት። ከእሷና ከኦይቫ ሌላ የሚያውቀው የለም።

አባቷ ለሌሊት ሥራው ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዌስሊ ማሽኑን እየገፋ መንገዱን ተሻገረ። ሌሊቱን ሳይከመር አንድ ጊዜ ልግፈፍላቸው ብሎ ይሆናል። ጎንበስ ብሎ የነዳጅ መርጫዋን ቀይ ጉብታ ጫን ጫን አደረጋት፤ የማስነሻውን እጀታ ሳበ፤ ተነሳ።

ሪና የመስኮቱን መክፈቻ ይዛለች። ዌስሊ ብላ ብትጣራ ይበቃል። ጣቷ ብረቱ ላይ እንዳለ፣ ኒሱ የበላ ይወቀው፣ የሚል ነገር ከሆዷ ተነስቶ እጇን ያዘው።

ማሽኑ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ አንድ ነገር ዋጠ። ከመቅዘፊያው ሥር ሰማያዊ ብልጭታ ፈነጠቀ። ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። ዌስሊ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በመቀመጫው ወደቀ።

ኤሌክትሪክ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት። ገመድ ይበጠሳል እንጂ ሰው ይሞታል ብላ አላሰበችም። «እግዚአብሔር ሆይ፣ እባክህ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ዌስሊ ተነሳ። ጓንቱን አውልቆ እጁን አገላበጠ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ በኪሱ ቢላ ከመቅዘፊያው ላይ የተጠመጠመውን ቆራርጦ ኪሱ ከተተ፤ የቀረውን ጫፍና ጫፍ በእግሩ በረዶ አለበሰውና ማሽኑን እየገፋ ሄደ።

ሪና ያኔም ጊዜ ነበራት። ጋራዣቸው ውስጥ ሌላ ገመድ ተሰቅሏል። እናቷ ወጥ ቤት ናት፤ ኦይቫ ሳውና ናቸው፤ መንገዱ አጭር ነው። ነገ መኪናው እምቢ ሲላቸው ደጃቸውን በደንብ የሚጠርግላቸው ማን እንደነበር ይለያሉ፣ አለችና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ጸሎቷን ጀምራ መሃል ላይ ተወችው።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል። አባቷ ዓይኑ ደም ለብሶ ከሥራ ሲመለስ፣ ኦይቫ የክት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የወረቀት ከረጢታቸውን ታቅፈው መኪናቸው ውስጥ ነበሩ። መኪናው አንዴ አቃሰተ። ደግሞ አቃሰተ። ሦስተኛውን እንኳን አልጨረሰውም።

አርኒ ሄደ፤ ሪናም መግፊያዋን ይዛ ተከተለች። አርኒ ገመዱን ከመኪናው አፍንጫ ይዞ ሲስበው ያለምንም ትግል ከበረዶው ወጣ። ጫፉ የታኘከ ነው። ይህን ጊዜ ዌስሊ ማሽኑን ይዞ ደርሶ ነበር። ያየውን አየና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የማንንም ፊት ሳያይ፣

«የመንገድ ጠራጊው መኪና ይሆናል» አለ።

ሪና ደሟ ፈላ። አባቷ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «ሌሊት ሳልፍ፣ መግቢያው አፍ ላይ የተከመረውን ልቀንስላቸው ብዬ የመኪናውን ማረሻ ትንሽ ወደ ውስጥ አዙሬው ነበር። ጨለማ ነው፤ ልብ አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኦይቫ። ግቡ፣ እኔ አደርስዎታለሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ስትነዳ አድረህ?» አሉ ኦይቫ። «አንተ ትተኛለህ። እኔ ሌላ እሁድ እሄዳለሁ።» ይህን ብለው ከረጢቱን ተመለከቱት። ኤልማ ሌላ እሁድ የሚባል ነገር እንደማያውቁ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

ዌስሊ ነው። ይህን ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ይበቃታል። ሪና ሌሊቱን ስትስለው ያደረችው ይህን ነው፤ አሁን ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ብትለው ደጁም፣ መስኮቱም፣ የኒሱ ጫፍም ይመለሱላታል። ቀና ስትል ግን ያየችው አባቷን ነው፤ ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ጆሮው ከብርዱ ቀልቶ ቆሟል።

«አባዬ፣ አንተ አይደለህም» አለች። «ትናንት ማታ ነው የተበጠሰው፣ አንተ ሥራ ከወጣህ በኋላ። መስኮት ላይ ነበርኩ። ገመዱ ከበረዶው ሥር እንዳለ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

አርኒ አያት። ማን በጠሰው ብሎ አልጠየቃትም፤ ኦይቫም አልጠየቁም። ዌስሊ ቀስ ብሎ ጓንቱን አወለቀና ከኪሱ የብርቱካናማ ገመድ ቁራጭ አወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ፈርቼ ነው። ለአባቴ ልንገረውና እሱ ያድርስዎት።»

ኦይቫ ቁራጩን ተቀብለው አገላበጡት። «አሳምሮ ነው ያኘከው» አሉ። «እጅህን አልነካህም?»

«አልነካኝም።»

«ሂድ፣ ንገረው።»

ዌስሊ ማሽኑን ትቶ መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። አርኒም ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ቤት አቀና፤ ሪና አጠገብ ሲደርስ እጁን የመግፊያዋ እጀታ ላይ አንድ አፍታ አሳረፈው።

«ትናንት ሳውለበልብልሽ ነበርሽ?» አሏት ኦይቫ።

«ነበርኩ፣ ፓፓ ኦይቫ።»

«መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቻለሁ» አሉ። የከረጢቱን አፍ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት። «ጫፉን ማንም አልነካውም።»

ሪና ዓይኗን አንስታ ልታያቸው አልቻለችም። ወደ ጋራዣቸው ሄዳ ገመዳቸውን አመጣች።

ዌስሊ ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ አባቱ እየለበሰ ነው አለ፤ ሌላ ነገር ስለመባሉ አልተናገረም። መጀመሪያ የአባቱን መኪና ከደጃቸው ማስወጣት ነበረባቸው። መንገዱ ዳር ማረሻው የገፋው በረዶ እንደ ግንብ ደርቋል፤ የዌስሊ ማሽን እዚያ ላይ ሲደርስ ጎማው እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይቆርጥም። ሪና በመግፊያዋ ጠርዝ እየፈነቀለች አወጣችው። ኦይቫ ከዌስሊ አባት ጋር ሲሄዱ በመኪናው መስኮት ከረጢቱ ታየ።

የኦይቫ ደጅ ግን ገና አልተጠረገም። ዌስሊ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ጉብታ ሊጫን ሲል፣

«ቆይ» አለችው።

ወደ በረንዳው ወስዳ ከጣሪያው ሥር አሳየችው። «ሚስማሩ እዚህ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ታነሳለህ፣ ከዚያ ነው ሞተር።»

ዌስሊ አዲሱን ገመድ ወስዶ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ተንጠራርቶ ሰቀለው። አጣጥፎ አይደለም፤ ዝም ብሎ ጠቅልሎ። አንዱ ዙር ተንጠልጥሎ ቀረ። ሄዶም ማሽኑን ሳበ፤ ዛሬም በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ዛሬም ሪናን ደረቷ ላይ አንድ ነገር ወጋት።

የተንጠለጠለውን ልታስተካክል እጇን ዘረጋች። ከዚያ ተወችውና መግፊያዋን አነሳች።