የሰባት ቁጥር ክፍል ባለተራ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን ይለፈው፤ ለማሳመን ጉልበቱም የለኝ።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሌሊት አይደለም፣ መብራትም አልጠፋም... ፀሐይ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ትወጋ ነበር።

አዮዋ ውስጥ በበቆሎ እርሻ በተከበበች ትንሽ ኮሌጅ የአራተኛ ዓመት የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። ነበርኩ ልበል። እኛ ጋ ፒያኖ የሚያጠናውም ባዮሎጂና ፍልስፍና ይወስዳል። በሙዚቃ ለመመረቅ ግን የመመረቂያ ኮንሰርት ማቅረብ ግድ ነው። ለኮንሰርቱ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት መምህራን ፊት ተጫውቶ ማለፍ ያስፈልጋል። ያላለፈ ዲግሪ የለውም።

አባቴ አራት ዓመት ሙሉ "ፒያኖ ይበላል እንዴ?" ሲለኝ ኖሯል። አፉን የማስዘጋው በዚያች ፈተና ብቻ ነበር።

ምድር ቤት ያሉት መለማመጃ ክፍሎች በራቸው ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ተራ የሚፈልግ ስሙን በእርሳስ ይጽፋል። ባለተራው ከቀረ፣ የመጣው ሰው በሩ ላይ አስር ደቂቃ ጠብቆ ይገባል። የሰው ስም ግን አይጠፋም። ማንም አጥፍቶ አያውቅም።

እኔ አጠፋሁ።

ሰባት ቁጥር ክፍል፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ ሁልጊዜ "ኤም. ኦስትቢ" የሚል ስም ተጽፎ ይጠብቀኛል። ልጅቷን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ለማትመጣ ሰው አስር ደቂቃዬን ለምን ላቃጥል? በላጲስ ፈግፍጌ የራሴን ጻፍኩ። አራት ሐሙስ!

በሳምንቱ ያው ስም ይመለሳል... እርሳሱን ጫን አድርጋ ትጽፈዋለች፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

ስሙን ስፈገፍግ ዶሪን ያዘችኝ። ስጫወት፣ ራሴን ስነቀንቅ የኖታ ገጽ የምትገልጥልኝ ጓደኛዬ ናት። የፈተናው ዕለት ጠዋት ካፍቴሪያ ውስጥ ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"የሰው ስም ታጠፊያለሽ አይደል?"

"አትመጣም እኮ!"

"ባትመጣስ? አስር ደቂቃ መጠበቅ ገደለሽ?"

"አንቺ ደግሞ የወረቀት ጠበቃ ሆንሽ?"

"ያንቺ አገልጋይ መሆን በቃኝ። ገጽሽን ራስሽ ግለጪ፣ ሄዝል!"

ገደል ግቢ አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዬን የፈተናው አዳራሽ ገባሁ። መምህራኑ ከኋላ ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረዋል።

ከፒያኖው በስተግራ ያለው ወንበር ላይ ግን... አንዲት ልጅ ተቀምጣለች።

ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። እጅጌው እስከ ጣቶቿ ወርዷል። መምህሬ ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን የላኩልኝ መሰለኝና ደስ አለኝ። ገጽ ገላጭን ማንም ልብ አይለውም፤ አይጨበጨብለትም፣ ስሙም አይጠራም። እኔም ማን ነሽ አላልኳትም።

ጀመርኩ።

ራሴን ስነቀንቅ ገለጠች። ልክ በሰዓቱ።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ... ጣቷ ያረፈበት የገጹ ጫፍ ላይ ግራጫ ነገር ቀርቷል።

የላጲስ ፍርፋሪ።

ሁለተኛውንም ገለጠች። ሦስተኛውን ግን ሳልነቀንቅ፣ መስመሩ ሳያልቅ ገለጠችው።

"ቆይ..." አልኩ በሹክሹክታ።

"ቆየሁ እኮ..." አለች። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። "አራት ሐሙስ።"

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ዲግሪዬ ነው፤ እንዴት ላቁም? የጎደለውን በቃሌ እየሞላሁ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ።

ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ውጤቱ ተለጠፈ።

"ኤም. ኦስትቢ፦ አልፋለች።"

የእኔ ስም የለም።

ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

"ስሜ የታለ?"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ባዳ አዩኝ። "የምን ስም?"

"ዛሬ ስምንት ሰዓት ተጫውቻለሁ እኮ!"

"የተጫወተችው ሚስ ኦስትቢ ናት። አንቺ ገጽ ስትገልጪላት ነበር።" እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ያውም ሦስተኛውን ቀድመሽ ገለጥሽባት። ልጅቷን ልታስወድቂያት ነበር! አታፍሪም?"

"አራት ዓመት ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?!"

"ስትወጪ በሩን ዝጊልኝ።"

እያለቀስኩ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

የሰባት ቁጥር ክፍል ወረቀት ላይ ከላይ እስከ ታች የኦስትቢ ስም ተጽፏል። የእኔ ስም የነበረበት ሁሉ ተፈግፍጎ ግራጫ ሆኗል።

ውስጥ ፒያኖ ይሰማል... የፈተናዬ ሙዚቃ ነው።

በሩን ገፋሁት። ተቆልፏል። በትንሿ መስታወት አጮልቄ አየሁ።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጫወታለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ገጹ ሊያልቅ አንድ መስመር ቀርቶታል...

ሳትዞር ራሷን ነቀነቀች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ... ግራ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ተነሳ።

ውስጥ ገጹ ተገለጠ።