አረፍ ይበሉ፣ አባባ ይመር

ጠጋ በሉ፣ እግራችሁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ክተቱ። የዛሬው ታሪክ ትንሽ ያስለቅሳል። ማልቀስ ይቻላል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ፋንቱ የምትባል ልጅ ነበረች። አያቷ አባባ ይመር ጋሪ ነጂ ነበሩ።

ፈረሳቸው ቦራ ይባላል። ግንባሩ ላይ እንደ ወተት የነጣ ምልክት አለው።

ጠዋት ጠዋት አባባ ይመር ለቦራ አንድ ባልዲ ውሃ ያቀርቡለታል። ቦራም ጭልጥ አድርጎ ይጠጣል።

ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው ይጣራሉ። «ፋንቱ፣ የኔ ፋንቱ፣ ነግቷል ተነሽ።»

ጋሪውም ይሄዳል። ኳ! ኳ! ኳ!

አንድ ቀን የፋንቱ እናትና አባት ተማከሩ። «አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሠሩ፤ አሁንስ ይረፉ» ተባባሉ።

ቦራንም ጋሪውንም ሸጡ። በክፋት አልነበረም፣ አባባን ስለሚወዷቸው ነው። ግን ተሳስተው ነበር።

አባባ ይመር መጥረጊያ አነሡ። እናት ሮጣ ተቀበለቻቸው። «አረፍ ይበሉ፣ አባባ።»

ጀሪካን አነሡ። አባት ሮጦ ተቀበላቸው። «አረፍ ይበሉ፣ አባባ።»

ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሊሞቁ ሲሉ ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ አዩዋቸው። እሳቸውም ምን አሉ? «አረፍ ይበሉ፣ አባባ።»

አባባ ይመር ገቡ። መጋረጃው ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ ተኙ።

ቀን ሲተኙ የሌሊቱ እንቅልፍ እምቢ አላቸው። በጨለማ ቤቱን ይዞራሉ። ሸርተት፣ ሸርተት፣ ሸርተት።

«ቦራ ውሃ ጠጣ?» ይላሉ። ቦራ ግን የለም።

ቀናቸው ሌሊት፣ ሌሊታቸው ቀን ሆነ። ነገር ሁሉ ተምታታባቸው።

ፋንቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ፋንቱ ሮጠች። ከበሩ ኋላ ተደብቃ ተንሰቀሰቀች።

ስሟን እንዲጠሯት ፈለገች። እንደ ድሮው፣ «የኔ ፋንቱ» እንዲሏት። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ጋሪው ላይ አብረው የተነሡትን ፎቶ አሳየቻቸው። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ዘፈነችላቸው፣ እስክስታም ወረደችላቸው። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ብርቱካን ልጣ አጎረሰቻቸው። «ተባረኪ» አሏት። ፋንቱ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

እናት አባባን ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ነርሷ ብዙ ጠየቀቻቸው፤ ብዙም አዳመጠቻቸው።

«የመርሳት በሽታ ነው» አለች ነርሷ። «የሚያድን መድኃኒት የለንም። ግን ቀን ቀን ብርሃን ይዩ፣ ይንቀሳቀሱ። ማታ በሰዓታቸው ይተኙ። ትንሽ ያረጋጋቸዋል።»

«ቀን ቀን ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ» አለች እናት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«በሽታውን አንቺ አላመጣሽውም» አለቻት ነርሷ። እናት ግን እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ፋንቱ መጋረጃውን ገለጠችው። ብርሃኑ አልጋው ላይ ወደቀ። አባባ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ያን ጊዜ ከመንገድ ድምፅ መጣ። ኳ! ኳ! ኳ!

አባባ ይመር ቀና አሉ። «ውሃ ጠጥቷል?» አሉ።

ፋንቱ እየሮጠች ባልዲውን አመጣች።

አባባ ባልዲውን አነሡት። ውሃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። እናት ልትቀበላቸው ሮጠች። «አረፍ ይ...» አለችና አፏን ያዘች።

በመንገዱ የሚያልፈው ጋሪ ነጂ ሁሴን ፈረሱን አቆመ። «እንዴት አደሩ፣ አባባ ይመር?» አለ።

የሁሴን ፈረስ ግንባሩ ነጭ አይደለም። ቦራ አይደለም። ግን ጠምቶት ነበር፤ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁሴን ጠዋት ጠዋት እዚያ ይቆማል። ኳ! ኳ! ኳ! ሲሰማ አባባ ባልዲያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ፀሐይ ታሞቃቸዋለች።

ከምሳ በኋላ ትንሽ ሸለብ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ከፋንቱ ጋር ደጁን ይጠርጋሉ። ሲመሽ ድክም ይላቸውና ይተኛሉ።

የሌሊቱ ሸርተት ሸርተት ቀነሰ። የፋንቱ ስም ግን አልተመለሰም።

ፋንቱ ዛሬም ጠበቀች፣ ነገም ጠበቀች። አልጠሯትም።

አንድ ማታ ብርድ ልብሳቸውን ስታለብሳቸው እጇን ያዙት። «አንቺ ልጅ» አሏት፣ «ነገ ቀስቅሺኝ። ፈረሱ ይጠማዋል።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ስምሽ ማን ነው?»

«ፋንቱ።»

«ፋንቱ» አሉ ቀስ ብለው። «ደስ የሚል ስም ነው። ማን አወጣልሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

አባባ ይመር ፈገግ አሉ። «እንኳን አወጣሁልሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፋንቱ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ባልዲውን ውሃ ሞልታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችና እሷም ተኛች።