የዕጩው ሽማግሌዎች

ፍሬሰላም ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎኑ መሃል እንደቆሙ ናቸው፤ ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም።

«ምንይችልን አውቀዋለሁ» አሉ አባቷ አቶ የሺዋስ። «ወታደር ሳለ ጉልበቱን ተመታ። ከዚያ የክልል ምክር ቤት ገባ፤ እሺ። አሁን ደግሞ ለፓርላማ ልወዳደር ብሎ መንገዱ ሰላም ባልሆነበት በየገጠሩ ይዞራል። ድሬያት በወሩ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልያት? ዕጩነቱን ይተው፤ ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ።»

ፍሬሰላም ደነገጠች። ባለፈው ሳምንት እሷም እንዲሁ ብላው ነበር። ምንይችል አይከል ከተማ ለቅስቀሳ ሄዶ ሙሉ ቀን ስልኩ አልሠራ ሲላት፣ ያላሰበችው ክፉ ነገር አልነበረም። ሲመለስ «ወይ እኔን፣ ወይ ምርጫውን» አለችው። እሱ ግን ሽማግሌ ላከ።

እናቷ ደብሪቱ ክንዷን ጨበጡ። «ይተወዋል፤ አይደል?»

«እንጃ፣ እማዬ።»

በሩ ተከፈተ። ምንይችል እያነከሰ ገባ።

«ምነው! ሽማግሌ ልኮ ራሱ የሚመጣ የት አየህ? አዋረድከን እኮ» አሉ የሽማግሌዎቹ አውራ፣ አያ ታከለ።

«ይቅር በሉኝ፣ አያ። ደጅ ሆኜ ሰማሁ።» ወደ አቶ የሺዋስ ዞረ። «ዛሬ ‹ትቻለሁ› ብዬ ከወሰድኳት በኋላ ብወዳደር ማን ይይዘኛል? ግን አልዋሽዎትም። የአይከል ሰው ለዕጩነቴ ፈርሞልኛል፤ አልተውም። እሷንም አልተውም።»

«እንግዲያው በሩ ያው!»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ዋሽቶ ቢሆን ፍሬሰላምን ዛሬ ደስ ይላት ነበር፤ ነገ ግን «ደህና ነኝ» ሲላት እንዴት ታምነዋለች? መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ወንበር ስባ አያ ታከለ ፊት አኖረች።

«ይቀመጡ፣ አያ።»

«ማን ፈቀደልሽ?» አባቷ ጮኹ።

«ማንም። ከእርስዎ ይልቅ እኔ እፈራለሁ፣ አባዬ። ባላገባውም ግን መፍራቴ አይቀርም።»

አያ ታከለ ወንበሩን በጉጉት አዩት። «የሺዋስ፣ እግሬስ አልቋል፤ ያለ አንተ ቃል ግን ቆሜ እሞታለሁ እንጂ አልቀመጥም።»

አባቷ ፊታቸውን ከልጃቸው አዞሩ።

«…ተቀመጡ።»

ደብሪቱ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባ ቀደማቸው።

ምንይችል ወደ ፍሬሰላም ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ነገ ትክል ድንጋይ ከተማ የምርጫ ስብሰባ አለብኝ» አላት፤ ዐይኗን ማየት ግን ፈራ።

የኮቱን ቁልፍ ቆለፈችለት።

«ስንት ሰዓት ላይ እንነሣለን?»