የእትዬ ለሊሴ ገመድ

ክሩ አያልቅም።

በግራ እጇ ትስባለች፤ በቀኟ ትጠቀልላለች። ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ፣ ከዋናው ቧንቧ ጎን ባለችው ጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ጫፍ ላይ የጣት ያህል ብረት ተንጠልጥሏል። ብረቱ ሰሞኑን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የፋብሪካው ጉድጓድ ውሃ ምን ያህል እንደሚወርድ ሲለካ ነበር። አሁን መውጣት አለበት። ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ላይ ነው።

ብረቱ ብቅ አለ። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ከኋላዋ ጠጠር ተንኮሻኮሸ።

ክሩን ነጭ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ብረቱን ምሳ ዕቃዋ ውስጥ፣ ከፍርፍሩ ሥር ቀበረችው። ቁጭ አለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ወጋየሁ ነው፤ የጥበቃ ኃላፊው። ትከሻው የፓምፕ ቤቱን በር ያህላል።

«ምሳ እየበላሁ ነው፣ ጋሼ ወጋየሁ። የውስጡ ጫጫታ ራሴን አመመኝ።»

ምሳ ዕቃውን አየው። እሷን አየ። ፈገግ አለ።

«እናንተ የጥራት ቁጥጥር ልጆች ጉድ ናችሁ። ብቻሽን ትበያለሽ። እንብላ እንኳ አይባልም?»

አላለችም። ሰው ድንገት ሲመጣበት ሕፃን እንኳ የሚለውን አላለችም።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። እንብላ።»

«ካልሽማ አጉርሺኝ።»

ጎንበስ አለ። ጣቶቿን ፍርፍሩ ውስጥ ሰደደች። ብረቱ ነካት። ወደ ጎን ገፍታ፣ ከዳር ዳሩ ቆንጥራ አጎረሰችው። ረጋ ብሎ አላመጠ። ዓይኖቹ ከፊቷ አልተነሱም።

«ጨው ይጎድለዋል» አለና ሄደ።

በፋብሪካው ስሟ ቤቴል ነው። ጆኒ ግን «ቅል» ይላታል። የላካት እሱ ነው፤ ለባለሀብቶች በድብቅ መረጃ ይሰበስባል። አንድ የውጭ ፈንድ በዚህ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ላይ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት የምድሩ ውሃ ይበቃው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። በግልጽ የመጡት ኦዲተሮች ተሸውደዋል። እነሱ ሊመጡ ሲሉ ፓምፑ ይቆማል፤ ፋብሪካው ከሌላ ሰፈር በቦቴ በተገለበጠ ውሃ ይሠራል፤ የጉድጓዱ ውሃ ዐርፎ ከፍ ይላል። እንግዶቹ መለኪያቸውን ይሰዳሉ፣ ይደሰታሉ፣ ይሸኛሉ። ስለዚህ ቅል ገባች።

በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ፣ ብስራተ ገብርኤል አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ብረቱን በሶፍት ጠቅልላ በጠረጴዛ ሥር ለጆኒ አቀበለችው።

«ይኼን ካዩ ገንዘቡን ይተዉታል?» አለችው።

«ይተዉታል። ገንዘብ ከሌለ ሁለተኛው ጉድጓድ አይቆፈርም። ሁለተኛው ካልተቆፈረ ያከራየችሽ ሴትዮ ቆስጣ አይደርቅም። ደስ አለሽ?»

ደስ አላት። ጆኒ ይህን ያውቃል።

የአከራይዋ የእትዬ ለሊሴ ቤት ሀና ማርያም ነው፣ ከፋብሪካው ብዙም ሳይርቅ። ድሮ ሰፈሩ ሁሉ የእነሱ እርሻ ነበር። አሁን በፎቆች መሃል የቀረቻቸው አንዲት ቁራጭ መሬት ናት፤ ቆስጣና ሰላጣ ያበቅሉባታል። ውሃ የሚቀዱት ባላቸው ቀጄላ በእጃቸው ከቆፈሩት ጉድጓድ ነው። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ነው፤ ለአትክልት አይደርስም። ጉድጓዱ ከሞተ አትክልቱም ይሞታል።

ጆኒ ከቀናት በኋላ ደወለ።

«ደንበኛው ተጨማሪ ይፈልጋል። ከአጥሩ ውጭ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ፋብሪካው ሲስብ የጎረቤት ውሃ አብሮ ይወርዳል? ማረጋገጫ አምጪ።»

ማረጋገጫው ዓይኗ ሥር ነበር። የባልዲው ገመድ።

«ይኼ ገመድ ለምን ተቀጣጠለ፣ እትዬ ለሊሴ?» አለቻቸው፣ ባልዲውን እየሳበች።

«ውሃው ሲሸሽ ምን ላድርግ? ተከተልኩት!» ሳቁ። «ቃጫው የቀጄላ ነው። ዕድሜ ልካችንን እሱ ይበቃን ነበር። ፋብሪካው በተከፈተ ዓመት አረንጓዴውን ናይለን ጨመርንበት። ማሽን ሲያስገቡ ቢጫውን። ባለፈው በጋ ደግሞ ቦና የመብራት ሽቦ አመጣልኝ። ጨለማ ውስጥ የሚያበራልኝ መስሎት ይሆናል!»

ቦና ልጃቸው ነው። ፋብሪካው ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል።

ቅል አዲስ ረጅም ገመድ ገዛችላቸው። እትዬ ለሊሴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አመስግነው መረቁ። «ገለቶሚ፣ ልጄ። አንቺም እንዲሁ አይጠርብሽ።» አሮጌውን ከነቋጠሮው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከየት እስከ የት ምን እንደነበር፣ ከነዓመቱ፣ በቃሏ ይዛዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ለጆኒ ደወለች።

«ቅል ሞላች።»

«ላፍቶ። ግራጫዋ መኪና።»

ከፊት ወንበር ገባች። ቦርሳውን ጆኒ ጭን ላይ አስቀመጠች። የእያንዳንዱን ቋጠሮ ታሪክ ነገረችው። ጆኒ አላያትም።

«እንብላ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ ወንበር።

ወጋየሁ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ዘርግቶላታል።

ወደ በሩ ተጠጋች።

«ምሳ እየበላ ያለ ሰው፣ ሰው ሲመጣበት እንብላ ነው የሚለው። አንቺ ደነገጥሽ። ጉርሻሽ ደግሞ ብረት ብረት ይል ነበር። ያን ቀን ተከተልኩሽ። ጁስ ቤቱ ድረስ።»

«ጆኒ?»

ጆኒ መሪውን በጣቶቹ መታ መታ አደረገ።

«ፈንዱ ብረትሽን አንብቧል። አልሸሸም። ዋጋ አስቀነሰ። ‹ጎረቤት በውሃ የሚጣላን ከሆነ ግን መላ ፈልጉለት› አለ። ፋብሪካው ደግሞ ውሃውን ከማን ጋር እንደሚጋራ ማወቅ ፈለገ፤ ወጋየሁን ወደ እኔ ላከ።»

«ገመዱን ያዘዘው...»

«ፋብሪካው ነው።»

«የእትዬ ለሊሴን ጉድጓድ እናድናለን ያልከኝ አንተ ነህ!»

«እኛ ስጋት እንለካለን፣ ቅል። ማስተዳደሩ የባለገንዘቦቹ ፋንታ ነው።»

«በምን ነው የሚያስተዳድሩት?»

ወጋየሁ ቆሎውን ቆረጠመ።

«በስሚንቶ።»

ቦርሳውን ልትነጥቅ ተወረወረች። የወጋየሁ እጅ ቀድሟት ነበር።

«አትንገብገቢ። ሴትዮዋ ሮቶ ይሰጣታል፣ በቦቴ ይሞላላታል። ልጇም ሥራው ላይ ነው። አፍሽን ከከፈትሽ ግን ሁሉም ይቀራል።»

«ቦቴው እስከ መቼ ይመጣል?»

ጆኒ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«እስኪፈራረሙ።»

በሩን ከፍታ ሮጠች። የሀና ማርያም ታክሲ ተገትሮ ሰው ይጠብቃል።

«ንዱት! የጎደለውን እኔ እከፍላለሁ!»

«ሙሽራ ናት መሰለኝ፣ ንዳው!» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ።

እሷ በሩን ጨብጣ፣ ጠዋት ስልክ ላይ ያለችውን ሁለት ቃል ደጋግማ ትሰማለች። ቅል ሞላች። መልእክቱን ሲጠብቁ የነበሩት እነማን እንደሆኑ አሁን ገባት።

ግቢው በር ላይ የጭነት መኪና ቆሟል።

እትዬ ለሊሴ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ከቆስጣው መደብ ዳር ጥቁር ሮቶ ተተክሏል።

«እትዬ ለሊሴ፣ ጉድጓዱን አያስደፍኑ! እባክዎ!»

«አፈሰሱበት እኮ!» አሉ በደስታ። «አንቺ እንደወጣሽ መጡ። ጉድጓድዎ ተበክሏል፣ ከአሁን በኋላ ንጹሕ ውሃ እስከ ደጅዎ እናመጣልዎታለን አሉኝ። ቦናም ፈርሚ አለኝ።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «አንቺ ነሽ አይደል የነገርሽልኝ? አውቄያለሁ። አሮጌ ገመዴን አይተሽ አዘንሽልኝ።»

ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ላይ እርጥብ ስሚንቶ ያብለጨልጫል። የአንድ ሠራተኛ ጫማ ዳሩን ረግጦታል።

አፏን ከፈተች። ከመኪናው ጀርባ ቦና ከሠራተኞቹ ጋር እየሳቀ ስሚንቶ ያራግፋል። የፋብሪካውን ቱታ ለብሷል።

አፏን ዘጋች።

«ያመጣሽልኝ ገመድ አንድ ቀን ነው የሠራው» አሉ እትዬ ለሊሴ፣ አጣጥፈው እየሰጧት። «ውሰጂው፤ ለአንቺ ይጠቅምሻል። ምሳ ሠርቼላቸዋለሁ። ነዪ፣ እንብላ።»

«በልቻለሁ» አለች።

አልበላችም ነበር።

አመሻሽ ላይ ክፍሏ ባዶ ሆነ። ሲም ካርዱ ለሁለት ተሰብሮ የላፍቶ ቦይ ውስጥ ገባ። የጥራት ቁጥጥሯ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ፋብሪካ አልመጣችም፤ የጠየቀም የለም። ውሉ ተፈረመ። በፈንዱ ሰነድ ላይ የውሃ ስጋቱ «መፍትሔ አግኝቷል» ተባለ። ቦቴው ይምጣ ይቅር የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ጆኒ ‹እስኪፈራረሙ› ያለውን ግን አልረሳችም።

በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ግቢ፣ ከመስኮት እስከ ግንብ አዲስ ገመድ ተወጥሮ ልብስ ተሰጥቶበታል። ተከራይዋ ደፍ ላይ ተቀምጣ ምሳ ዕቃዋን ከፍታለች። የአከራይዋ ጫማ ጠጠሩን ሲነካ ሰማች።

«እንብላ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ይባርክሽ፣ ጨዋ ልጅ። ማን ነበር ያልሽኝ ስምሽን?»

ሌላ ስም ነገረቻት።