ሁለት ጊዜ አሥራ ስድስት

«አሥራ ስድስት» አሉ አቶ መኳንንት።

የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ባጫ የእስክሪብቶውን ጫፍ ከቅጹ ላይ አነሣ። ከጎኑ ከተቆለለው መዝገብ ውስጥ የአምናውን ጎትቶ አወጣና ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጾቹን ይገልጥ ጀመር። የሚፈልገውን ሲያገኝ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«አምናም አሥራ ስድስት ነበረች» አለ ረጋ ብሎ። «ምን ቢያበሏት ነው ጋሼ መኳንንት፣ ዓመት የማይጨምርባት?»

ሰልፉ ሳቀ። የነሐሴ ዝናብ አሳዶ አዳራሹ ውስጥ ያጎረው ሰው ነው፤ የሚያስቀው ነገር ሲፈልግ ነው ያረፈደው። ፀዳለ ከአባቷ ጎን እንደቆመች እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። የሞላት አሥራ ስምንት ነው። እሷም ታውቃለች፣ አባቷም ያውቃሉ፣ ከአነጋገሩ ጓድ ባጫም ሳያውቅ አልቀረም።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የቤተሰብ ካርድ ይታደሳል። ቅጹ ላይ ያሉት ረድፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ጥገኛ»። አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ ተማሪም ቢሆን ከወላጆቹ ካርድ ላይ በቀይ ይሰረዛል ተብሎ በሰፈሩ ይወራል። ወሬ ብቻም አይደለም። የጎረቤታቸው ልጅ ሰርኬ አምና ተሰርዛለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ «ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች» የሚል የቀበሌ ደብዳቤ ካላየ አይመዘግብም። ሰርኬ ያን ደብዳቤ አጥታ ከትምህርቷ ቀረች፤ አሁን ሆለታ አክስቷ ዘንድ ጠላ ትጠምቃለች። ፀዳለ የምትጀምረው አሥራ ሁለተኛን ነው። ምዝገባው ቅዳሜ ያበቃል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ለዚህ ነው እናቷ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ አሥራ ስድስት በሉና ተገላገሉ፣ ለትምህርት ሲባል የተዋሸውን እግዜርም አይቆጥረው ያሉት። ፀዳለ ያን ጊዜ ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

ጓድ ባጫ ክፉ ሰው አይደለም። ሳቁ በረድ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የአምናውን የጸሐፊ ስሕተት ነበር እንደሚል፣ ከእንግዲህ ግን እንደማይደገም ነገራቸውና ጻፈ። ፀዳለ መኳንንት፣ 16፣ ጥገኛ። ቅጹን አዙሮ ወደ አቶ መኳንንት ገፋው።

ከኋላ የቆመችው ጓደኛዋ እሙ ፀዳለን በክርኗ ጎሰመቻት። «አለቀልሽ በቃ። ፈርመው ላጥ ነው።»

አቶ መኳንንት ግን ያላነበቡትን አይፈርሙም። ማንበብ የጀመሩት የዛሬ ሦስት ዓመት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት። ሁለቱን ፊደል በትክክል ካሉ በኋላ ሦስተኛውን በግምት ሞሉት።

«ጥ… ገ… ት። ጥገት። መልካም።»

«ጥገኛ ነው ጋሼ» አለ ባጫ ሳቁን እየታገለ። «ጥገትማ የምትታለበዋ ላም ናት።»

ሰልፉ ቢሳሳቅም አቶ መኳንንት ፈገግ አላሉም። «ታዲያ ምኑ ነው ስሕተቱ?» አሉ። «ውኃ የምትቀዳ እሷ። ደብዳቤ የምታነብልን እሷ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ሰዉን ፊደል ስታስቆጥር የከረመች እሷ። በእኛ ቤት ማን ማንን እንደተጠጋ እንጃ።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ከሰልፉ መሐል ሆነው እውነታቸውን ነው ሲሉ መሰከሩ። እሳቸውም ፊደል የቆጠሩት በፀዳለ ነው፤ ከአስመራ የሚመጣላቸውን የወታደር ልጃቸውን ደብዳቤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው አንብበዋል።

ፀዳለ አልሰማቻቸውም። ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ጥገኛ። የባዮሎጂ መምህራቸው ሚያዝያ ላይ አጽፈዋቸው ነበር፤ በሌላ ሕያው አካል ላይ ተጣብቆ ምግቡን ከእሱ እየመጠጠ የሚኖር፣ ለምሳሌ መዥገር፣ ቅማል፣ የኮሶ ትል። አሁን እዚያ ተርታ የእሷ ስም ገብቷል፤ ያውም ዕድሜዋ ተቀንሶ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፈችበት ወረቀት የተወለደችበትን ዓመት 1956 ይላል። የከርሞው ፈተና ቅጽ ሲሞላ ሁለቱ ወረቀቶች ቢጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል? ደግሞስ እስከ መቼ ነው አሥራ ስድስት የምትሆነው?

አባቷ እስክሪብቶውን አነሡ።

«አይፈርሙ አባባ» አለች። ወደ ባጫም ዞረች። «አሥራ ስምንት ነኝ።»

ሰልፉ አንገቱን አስግጎ አያት። እሙ ሹራቧን ከኋላ ጎተተቻት። «አንቺ፣ ምን ነካሽ? ችክ አትበይ።»

ባጫ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ፤ ግን አልከፈተውም። «በሰው ፊት ተናግረሽዋል፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ጥገኛ አይደለሽም። ሠራተኛም አይደለሽም። የት ልጻፍሽ?»

«ተማሪ ብለው ይጻፉኝ።»

«እንደዚያ የሚባል ረድፍ የለም።»

«ረድፉ የለም እንጂ ተማሪዋማ ይኸው አለች።»

ከዚያ ይሰረዛል የሚለውን መመሪያ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ባጫ መመሪያው በቀበሌው ሊቀመንበር መሳቢያ ውስጥ እንደሚቆለፍ፣ እሱም ቢሆን ስብሰባ ላይ ሲነገር ሰማ እንጂ ወረቀቱን በዓይኑ እንዳላየ ሳያስበው አመለጠው።

«ሰርኬን ታዲያ ያላነበቡትን ይዘው ነው የሰረዟት?»

አቶ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ዘመን ከቀበሌ ጋር እንዲህ አፍ ለአፍ የሚገጥም ሰው አልነበረም፤ የገጠመም ካለ ወሬው በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። የልጃቸውን ክንድ ያዝ አድርገው፣ ልጅ ናት፣ አፏ ነው፣ ይቅር ይበሏት እያሉ ለመኑ። የባጫ ፊት ቀልቷል። ንዴት ይሁን ሐፍረት አልለየለትም። ቅጹን ወደ ራሱ ስቦ፣ ይህ ከእሱ በላይ መሆኑን፣ ለሊቀመንበሩ ማመልከቻ ጽፈው መመሪያው ታይቶ እንዲወሰን ማድረግ እንደሚችሉ ተናገረ። ሊቀመንበሩ ዛሬ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። አንድ ነጭ ወረቀት ሰጣት።

ፀዳለ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋች። አባቷ አጠገቧ ተቀመጡ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ሳይሆን የፈራ ሰው ነበር።

«አሁንም ጊዜ አለን። ተሳስታ ነው እለዋለሁ። ቅዳሜ ቢያልፍብሽስ?»

እሷም ያን ታስብ ነበር። አክስት ሆለታ የላትም፤ ያለቻት አክስት ጎጃም ናት፣ እሷም የምትጠብቃት ባል መርጣላት ነው።

«ቢያልፍም አባባ፣ ዳግመኛ አሥራ ስድስት አልሆንም።»

አቶ መኳንንት በመስኮቱ የሚገባውን የዝናብ ፍንጣሪ አዩ። ከዚያም ወረቀቱ እንዳይረጥብ ከመስኮቱ ራቅ በይ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ጻፈች። አጭር አድርጋ። ስታበቃ ወስዳ ለባጫ ሰጠችው። ጀርባውን ጭምር ገለበጠው፤ ከዚያ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አመልካች ብለሽ የራስሽን ስም ነው የጻፍሽው። ጥገኛ በራሱ ስም አያመለክትም። የአባትሽን አድርጊው።»

«አሥራ ስምንት የሞላውስ?»

«እሱማ ይችላል።»

«እንግዲያው የኔ ስም ይቆይ።»

ባጫ አያት። አባቷን አያቸው። ማኅተሙን ቀለም ላይ ጫን አደረገና ወረቀቱ ጥግ ላይ መታው። ቁጥር ሰጥቶ ሲመልስላትም፣ ሊቀመንበሩ ሳይጠራት እንዳትገባ አስጠነቀቃት።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሊቀመንበሩ ዣንጥላውን እያራገፈ ገባ፤ ማንንም ሳያይ አዳራሹን አቋርጦ ክፍሉን ከውስጥ ዘጋ። ሰልፉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፀዳለ እስኪጠሯት ትንሽ ጠበቀች። የጠራት የለም።

ተነሣች፤ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ሄዳ በሩን አንኳኳች።